ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቦሌ፦ የጀማሪ ፕሮግራመር ደመወዝ የት ያልቃል?

የቅጥር ደብዳቤው 15,000 ብር ይላል። ደላላው ደግሞ «ኮዬ ፈጬ ርካሽ ቤት አለ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን አዲስ ተመራቂው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ይዞ ቤት ከተከራየ በሦስተኛው ወር ዕዳ ውስጥ ይገኛል። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ደመወዝ እጅ የሚገባው አይደለም፤ ደላላው የጠራው ኪራይም ቤቱ በወር የሚያስወጣው አይደለም። በሁለቱም በኩል ያለውን ልዩነት ከመፈረም በፊት በግማሽ ገጽ ወረቀት ማውጣት ይቻላል። የብዙ ጀማሪዎች ችግር ያንን ወረቀት ከፈረሙ በኋላ መሥራታቸው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ያሉት የግብርና የጡረታ ቁጥሮች ከሕጉ የተወሰዱ ናቸው። የኪራይ፣ የምግብና የታክሲ ቁጥሮች ግን ለስሌት ያህል የተቀመጡ ናቸው። ዋጋው ከሰፈር ሰፈር፣ ከወር ወር ስለሚለያይ አንባቢው የራሱን ቁጥር ይተካባቸው።

ደብዳቤው ላይ ያለውና እጅ የሚገባው

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ (ቁጥር 1395/2017) እስከ 2,000 ብር ያለውን የወር ደመወዝ ከግብር ነጻ አድርጓል። ከዚያ በላይ ያለው 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣና ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። የሒሳብ ሠራተኞች በአቋራጭ የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ ደመወዙ ከ10,001 እስከ 14,000 ብር ከሆነ በ30 በመቶ አባዝቶ 1,350 መቀነስ፤ ከ14,000 ብር ከበለጠ በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 መቀነስ። ለ15,000 ብር ሲሠራ 5,250 ሲቀነስ 2,050፣ ግብሩ 3,200 ብር ይመጣል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚቆረጠው 7 በመቶ ደግሞ 1,050 ብር ነው። እጅ የሚገባው 10,750 ብር ይሆናል። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ጡረታ ስለሚጨምር ይኸው ሠራተኛ ለድርጅቱ 16,650 ብር ያስወጣዋል። ቀጣሪና ተቀጣሪ ስለ «ደመወዝ» ሲነጋገሩ አንዱ 16,650ን፣ ሌላው 15,000ን እያሰበ ነው። በኪስ ያለው ግን 10,750 ነው።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ በ2018 መጀመሪያ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ማስተካከያ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ ግብር 2,100፣ ጡረታ 805 ብር ተቀንሶ 8,595 ብር ይቀራል (መንግሥትም ከሠራተኛው የሚቆርጠው 7 በመቶ ነው)። የግል ዘርፉ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለው ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ከዚህም በታች ሊያቀርብ ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። በየዓመቱ የመውጫ ፈተናውን አልፎ የሚመረቀው፣ ከ2016 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ በ5 ሚሊዮን ኮደሮች የኦንላይን ሥልጠና መርሐ ግብር የምስክር ወረቀት የያዘው ወጣት ሁሉ ለዚያችው ጥቂት የጁኒየር (የጀማሪ) ቦታ ሲሰለፍ፣ ቀጣሪው ዋጋ ለመጨመር አይቸኩልም።

ከ14,000 ብር በላይ ላለ ሰው አንድ ቁጥር በቃል መያዝ ይጠቅማል፦ 58። ከዚያ በላይ በመነሻ ደመወዝ ላይ ከተጨመረ እያንዳንዱ 100 ብር 35 ለግብር፣ 7 ለጡረታ ሄዶ 58 ብር ይተርፋል። የ2,000 ብር ጭማሪ ማለት 1,160 ብር ነው። ይህችን ቁጥር በኋላ እንመለስባታለን፤ ምን መደራደር እንደሚያዋጣ የምትወስነው እሷ ናት።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተማረ ሌላም ቅናሽ አለ፦ የወጪ መጋራት፣ በተለምዶ ኮስት ሼሪንግ የሚባለው። ደንቡ አሠሪው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየቆረጠ ገቢ እንዲያደርግ ያዛል። በ15,000 ብር ላይ 1,500 ብር መሆኑ ነው። ብዙ የግል ድርጅቶች ስለማይጠይቁ ተመራቂው የተረሳለት ይመስለዋል። የሚታወሰው ኦሪጅናል ዲግሪውን የሚፈልግበት ቀን ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ለውጭ ትምህርት ሲያመለክት ነው። ያኔ ሙሉው በአንድ ጊዜ ይከፈላል። እየተቆረጠለት ያለ ሰው ደግሞ በየዓመቱ የተከፈለበትን ማስረጃ ከድርጅቱ ተቀብሎ ማስቀመጥ አለበት፤ ድርጅት ይዘጋል፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይለቃል።

አበልንም ማየት ያስፈልጋል። ጡረታም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ላይ ነው። 15,000 ብሩ «9,000 መነሻ፣ 6,000 አበል» ተብሎ ከተከፈለ የጡረታው ቅናሽ ወደ 630 ብር ስለሚወርድ ለጊዜው 420 ብር ይተርፋል። በሌላ በኩል ሲስተም ወድቆ ሌሊት ሲሠራ የሚታሰበው ክፍያ፣ ኋላም የሥራ ስንብት ክፍያው በ9,000 ብሩ ይሰላል። ለመጓጓዣ የሚሰጥ አበል ግን እስከ ተወሰነ ጣሪያ ከግብር ነጻ ስለሆነ በከተማ ዳር ለሚኖር ሰው በዚያ ርዕስ መጠየቁ ያዋጣል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት

ወርሃዊ በጀት የሚሠሩ ጽሑፎች የሚዘሉት ነገር አለ፦ ደመወዝ የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ ነው፣ ኪራይ የሚከፈለው በወሩ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ጀማሪው የሚሰበረው በወር ሒሳቡ ከመሆኑ በፊት በመነሻ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ለስሌት ያህል ሁለት ጓደኛሞች ቱሉ ዲምቱ አንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም በ9,000 ብር ያዙ እንበል፤ ለአንዱ 4,500 ይደርሰዋል። ትራንስፖርት በቀን 120 ብር፣ በ22 የሥራ ቀን 2,640 ብር። ምግብ፣ ምሳ ከቤት ተይዞ፣ 4,000 ብር። የሁለት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከተከፈለ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ ድረስ የሚወጣው 9,000 ሲደመር 2,640 ሲደመር 4,000፣ ድምሩ 15,640 ብር ነው። ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ ጀሪካንና የደላላ ገና አልገቡም። የሚገባው 10,750 ስለሆነ 4,890 ብር ይጎድላል። በሁለተኛው ወር ኪራይ ስለማይከፈል ዕዳው ወደ 780 ይወርድና ሰው እፎይ ይላል። በሦስተኛው ወር ግን ኪራዩ ይመለሳል፣ ወጪው 11,140 ይሆናል፣ ዕዳውም 1,170 ይደርሳል። ከዚያ በኋላ በየወሩ 390 ብር እየጨመረ ይሄዳል። ሳሙና፣ ካርድ መሙላት፣ መድኃኒት፣ ለቤተሰብ የሚላክ ሁሉ ከዚህ ውጭ ነው። የወጪ መጋራቱ ከተቆረጠማ ጨርሶ አይሞከርም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ቀይሮ ማየት ነው። ደመወዙ 20,000 ቢሆን ግብሩ 4,950፣ ጡረታው 1,400 ሆኖ 13,650 ብር ይገባል፤ ይኸው ኑሮ በሦስተኛው ወር መጨረሻ 7,530 ብር ያስቀራል። ደመወዙ 15,000 ላይ እንዳለ ቤቱ ለሦስት ቢከፈል ደግሞ የአንዱ ድርሻ 3,000 ይሆናል፣ ወርሃዊ ወጪው 9,640፣ በወር 1,110 ብር ይተርፋል። የሦስተኛው ሰው መግባት ለእያንዳንዱ ነባር 1,500 ብር አተረፈ። ይህን ያህል በደመወዝ ጭማሪ ለማግኘት 1,500ን ለ0.58 ማካፈል ነው፦ ወደ 2,586 ብር ያልተጣራ ጭማሪ። ጁኒየር በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ጠይቆ ከሚያገኝ ሦስተኛ አብሮ ነዋሪ ቢያገኝ ይቀለዋል። እርግጥ ስቱዲዮ ላይ ሦስት ሰው ማለት አንዱ ሌሊት ኮድ ሲጽፍ ሁለቱ መብራት ላይ ይተኛሉ ማለት ነው፤ ባለ አንድ መኝታ በትንሽ ልዩነት ከተገኘ እሱን መያዝ ይሻላል።

የመነሻውን ጉድለት በምን መሸፈን ይቻላል? እቁብ የተለመደ መልስ ነው፣ ግን የሚጠቅመው ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ነው። 10 ሰው በወር 1,000 ብር የሚጥልበት እቁብ ለመጀመሪያው ወለድ የሌለው ብድር ነው። ለአሥረኛው ግን ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ለዘጠኝ ሰው ያበደረው ቁጠባ ነው። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሰው ከዳኛው ጋር ተነጋግሮ የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች መለመን፣ ዋስ ማቅረብ፣ ካልሆነ ለቤት መያዣ ብሎ አለመግባት ነው። መጠኑም ከትርፉ ጋር ይመዘን፦ በወር 1,110 ብር የሚተርፈው ሰው የ1,000 ብር እቁብ ከገባ አንድ ቀን ሲታመም እቁቡን ለመጣል ይበደራል። የ500 ብር ይበቃዋል። ሌላው መንገድ ከቅጥር በፊት ድርጅቱን የደመወዝ ቅድሚያ መጠየቅ ነው፤ ያስፈራል እንጂ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ለቤተሰብ የሚነገረው ቁጥርም የተጣራው ይሁን። «15,000 ይከፈለዋል» ተብሎ አገር ቤት ከተወራ በኋላ 10,750 ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

ውልና ቤት

በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ቅድመ ክፍያን ከሁለት ወር ኪራይ በላይ እንዳይሆን ይገድባል። ውሉ በጽሑፍ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። መሬት ላይ ግን ሦስትና ስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ አልጠፋም፤ ተከራዩም ቤቱ እንዳያመልጠው ዝም ብሎ ይከፍላል። ከተማ ዳር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማል፦ አንዱ ሰፈር በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ያለው በሸገር ከተማ ሥር ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ አካባቢ ቤት የሚይዝ ሰው ውሉ የት እንደሚመዘገብ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መታወቂያ ለማውጣትም ሆነ ለመቀየር የሚሄድበት ቢሮ ያው ስለሚሆን ነው።

ስድስት ወር መክፈል ለጀማሪ አደገኛ የሚሆነው በሥራው በኩል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ 12 ሳምንት መሆኑ ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ ለሥራው ብቁ አይደለህም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ማሰናበት ይችላል። ከቢሮው ርቀት አንጻር ብቻ ተመርጦ ስድስት ወር የተከፈለበት ቤት፣ ቢሮው ከሌለ መቀመጫ የሌለው ገንዘብ ነው። የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ዘመድ ቤት፣ የዶርም ጓደኛ ቤት፣ ወይም በወር በወር የሚከፈል ሰርቪስ ክፍል ይሻላል። በቂሊንጦ አካባቢ ባለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ዙሪያ የሚሰነብቱት ሰፈሩን ስለሚያውቁት ነው፤ አልጋ ለመጋራትም የሚያውቁት ሰው አለ።

ሰርቪስ ቤት ሲታይ ቆጣሪውን መጠየቅ ግድ ነው። የመብራት ታሪፍ በፍጆታ እርከን ነው፦ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ዋጋው ይጨምራል። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ከሆነ ሁሉም በከፍተኛው እርከን ይከፍላል። ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ስለሆነ ልዩነቱ እየሰፋ ነው። «ኮምፒውተር ስለምትጠቀም ጨምር» የሚል አከራይ ካለ ሒሳቡን ማሳየት ይቻላል፦ 60 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ በቀን 10 ሰዓት ለ26 ቀን ቢሠራ 15.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይህን በአራት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል። ጥሉ ከምጣዱ ጋር ይሁን።

ውኃ በፈረቃ ነው። አከራዩ «ውኃ አለ» ሲል ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ እስከ ስንተኛ ፎቅ ተብሎ ይጠየቅ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ የማይደርስባቸው ብሎኮች አሉ። ሮቶ ከሌለ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ያስፈልጋል፤ ቅዳሜም ለዚያ ይመደባል።

በምግብ በኩል ትልቁ ቀዳዳ ምሳ ነው። ቢሮ አካባቢ አንድ ምሳ በ200 ብር ቢበላ በ22 ቀን 4,400 ብር፣ ማለትም ከላይ ለወር ምግብ ከያዝነው ሁሉ ይበልጣል። ምሳ ዕቃ መያዝ የማይቀር ነው። ሽሮና በርበሬ ከቤተሰብ ከመጣ የቀረው ሽንኩርት፣ ዘይትና እንጀራ ነው። ዘይት ባለ 5 ሊትሩን ከሸማቾች መግዛት፣ አትክልት ከእሑድ ገበያ መያዝ፤ ሽንኩርት ግን በክረምት ከሁለት ሳምንት በላይ የሚሆን አይገዛም፣ ይበሰብሳል። ማቀዝቀዣ በሌለበት እንጀራ ከሦስት ቀን በኋላ ስለሚሻግት ከሰፈር ጋጋሪ ጋር በየሁለት ቀኑ ተስማምቶ መውሰድ ይሻላል።

ኢንተርኔትን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ፦ ዶከር ኢሜጅ (ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገበት ትልቅ ፋይል)፣ የሲስተም ማሻሻያና የላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ) ጥቅሎች ቢሮ ውስጥ ተጭነው ይመጡ። አንድ የሲስተም ማሻሻያ የሳምንት የሞባይል ጥቅል ሊውጥ ይችላል።

ርቀት

ከተማ ዳር ርካሽ የሚያስመስለው ኪራዩ ብቻ ነው፤ እሱም እየጨመረ ነው። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት ፒያሳና ካሳንቺስ ሲፈርሱ ጀማሪ ተቀጣሪ የሚችላቸው መሐል ከተማ ያሉ ክፍሎች አብረው ሄዱ፤ ሰዉም ወደ ዳር ወጣ። ቤንዚን በ2017 አጋማሽ ላይ ሊትሩ 100 ብር ሲያልፍ ታሪፉም ተከተለው።

ሁለት ቤት ሲወዳደር ኪራዩን ሳይሆን ኪራይና ጉዞ አንድ ላይ ተደምሮ ነው የሚታየው። ዋጋውን የሚወስነው ኪሎ ሜትሩ ብቻ አይደለም፤ የታክሲ ቅብብሉ ብዛትም ነው። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መስቀል አደባባይ፣ ከዚያ ቦሌ ብሎ በሦስት ታክሲ የሚሄድ ሰው በእያንዳንዱ 20 ብር ቢከፍል የቀኑ 120 ብር ነው። አንድ ቅብብል ቢቀነስለት በወር 880 ብር ይተርፈዋል። ስለዚህ አንድ ታክሲ የሚቀንስ ቤት በ800 ብር ቢወደድም ያዋጣል። ጎሮ አይሲቲ ፓርክ የሚሠራ ሰው ለርካሽነቱ ብሎ ጀሞ ቤት ከያዘ ከተማዋን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሊያቋርጥ ነው፤ ቦሌ አራብሳ፣ ሰሚት ወይም እዚያው ጎሮ በኪራይ ቢበልጡም በድምሩ ያንሳሉ። ከአስፋልት ወደ ብሎኩ የሚገባው ባጃጅ ደግሞ ሁሉ ሰው ከሒሳቡ የሚረሳው ነው። ከአያትና ከቃሊቲ የሚነሳው ባቡር ርካሽ ነው፣ ነገር ግን በ2008 በ41 ባቡር ተጀምሮ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ስለቆሙ በጠዋቱ ግፊያ ቦታ ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ሰልፍ ይረዝማል፣ ታሪፍም ይለወጣል። ሥራ አምሽቶ በራይድ 500 ብር ከፍሎ የገባ ሰው የአራት ቀን ትራንስፖርት በአንድ ሌሊት ጨርሷል። በወር ሦስቴ ከሆነ 1,500 ብር፣ ያው የሦስተኛው አብሮ ነዋሪ ዋጋ። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር ማምሸት ካለ መጓጓዣው በማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የ58ቷ ቁጥር የምትመጣው እዚህ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት በወር ስምንት ጉዞ፣ 960 ብር ያስቀራል፤ ይህ ከ1,655 ብር ያልተጣራ ጭማሪ ጋር እኩል ነው፣ ድርጅቱን ግን ሳንቲም አያስወጣውም። የቢሮ ምሳ፣ የድርጅት ሰርቪስ መኪና፣ በድርጅቱ ስም የሚሰጥ ላፕቶፕም እንደዚሁ ናቸው። በተለይ ላፕቶፑ፦ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የጀማሪ የወራት ደመወዝ ሆኗል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከቤት ለመሥራት የሚጠይቅ ሰው ግን ባትሪው ቢያንስ አራት ሰዓት የሚይዝ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ዋይፋይ መብራት ሲሄድ አብሮ ስለሚጠፋ ለስልኩም የዳታ ጥቅል ይኑረው።

ቤቱ ከመያዙ በፊት አንድ የሥራ ቀን ጠዋት፣ ሰኞ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፣ 12:30 ላይ ከዚያው ብሎክ በር ተነስቶ እስከ ቢሮው በር መሄድ ነው። በየሰልፉ የተቆመበት ደቂቃ፣ በየታክሲው የተከፈለው ብር፣ ባጃጁ፣ የደረሱበት ሰዓት ይጻፍ። ማታም ከቢሮ በ1:30 ተነስቶ መመለስ። የሁለቱ ድምር በ22 ተባዝቶ ከኪራዩ ሥር ይጻፋል። ደላላው እስከዚያ ቢደውል «ነገ እነግርሃለሁ» ማለት ይቻላል፤ ቤቱ ቢያመልጥ ሌላ ብሎክ አለ።